በመንገድ ላይ ያልነበረ ጠብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ስለ ምን ርእስ እንናገር ብለን በክፍላችን ስንማከር፥ አንዱ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ሌላው ስለ ንጽሕና አጠባበቅ ይሁን አለ። ስለ እነዚህ ግን ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ደጋግመው ስለ ተናገሩ፥ እኛ ራሳችን ስላየነውና ስላፈርንበት ነገር ብንናገር ይሻላል ብለን ተስማማን። ርእሳችን ጕዞ ነው፤ ይኸውም ሰው ወደማያውቀው አገር ሲሄድ የሚያገኘው ችግር ነው። ችግሩም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በእውነት የሚደርስ ነው፤ ወንዝ ይሞላል፥ ስንቅ ያልቃል፥ የመኪና ጎማ ይፈነዳል። ሁለተኛው ግን መንገደኛው ደረሰብኝ ብሎ በልቡ የሚፈጥረው ነው። አንደኛውን ሁሉም ስለሚያውቀው፥ እኛ ስለ ሁለተኛው እንናገራለን።

የሳንጃ ልጅ መሆን ራሱ ለዚህ ዐይነቱ ችግር ያጋልጣል። የከተማችን ስም በጠመንጃ አፈ ሙዝ ላይ የሚሰካው ስለት ስም መሆኑን ታውቃላችሁ። ከእኛ አንዱ ወደ ጐንደር ሲሄድ መኪናው በመንገድ ላይ ለፍተሻ ቆመ። ፈታሹ በመስኮት በኩል እግሩ ሥር ያለውን ጆንያ እያመለከተ አንድ ነገር ጠየቀው። ጓደኛችን «ከየት ነው?» የተባለ መስሎት «ሳንጃ ነው» ብሎ መለሰ። ጥያቄው ግን «ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፤ ጆንያው ተፈታ፤ ከውስጡም ለአክስቱ የተላከ ሰሊጥና አንድ ጠርሙስ ማር ወጣ። ፈታሹም ተሳፋሪውም ሳቁ፤ ጓደኛችን ግን እስከ ጐንደር ድረስ አልሳቀም።

ይህ በገዛ ቋንቋችን፥ በገዛ አገራችን የሆነ ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ምን ያህል እንደሚብስ አስቡት። በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራራዎች የሚወጡ ፈረንጆች አሉ። ፓርኩ በ1978 በፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። እነዚህ መንገደኞች ከቁመታቸው የማይተናነስ ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው በእግራቸው ይሄዳሉ። አንድ ባላገር ቡና ሊጋብዛቸው መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ይጠራቸዋል። በእነርሱ አገር ግን ይህ ምልክት «ወግድ፥ ሂድ» እንደ ማለት ስለ ሆነ፥ ተባረርን ብለው ይሄዳሉ። ባላገሩም ናቁኝ ብሎ ይቀራል። «አዎን» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስንስብ፥ እነርሱ አንድ አደጋ አይተን የደነገጥን ይመስላቸዋል። የሰዓቱ ነገርማ ከሁሉ ይብሳል። አውቶቡሱ በ11 ሰዓት ይነሣል የተባለ ፈረንጅ፥ የእኛ 11 ሰዓት የእርሱ 5 ሰዓት መሆኑን ሳያውቅ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ሻንጣውን አዝሎ ይመጣል። አውቶቡሱ በዚያን ጊዜ ብዙ አገር አልፏል። ከዚያ ወዲያ ከቲኬት ቆራጩ ጋር የሚነሣውን ክርክር ልትገምቱት ትችላላችሁ፤ አንደኛው ተታለልሁ ይላል፥ ሁለተኛው ተሰደብሁ ይላል፥ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በዚህ የሚሥቅ ሰው ቢኖር፥ የዚህ ዐይነቱ ጠብ ሰው ገድሎ እንደሚያውቅ ልናስታውሰው እንወዳለን። በዘመነ ጐንደር፥ በአፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ጊዜ፥ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዱ ሩል የተባለ መልእክተኛ ወደ ጐንደር ልኮ ነበር። ሰውየው ግን ጐንደር አልደረሰም። በ1705 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር በስናር ከተማ ተገደለ። ብሩስ የተባለው መንገደኛ በኋላ እንደ ጻፈው፥ ዱ ሩል ከያዛቸው ዕቃዎች መካከል መልክን አግዝፈውና አጣመው የሚያሳዩ መስተዋቶች ነበሩ። እነዚህን ለቤተ መንግሥቱ ሴቶች ቢያሳያቸው ደነገጡ፤ ጠንቋይ ነው የሚል ወሬም ተነሣበት። ሰውየው እንግዳ ያስደስቱልኛል ብሎ ያሳያቸው መጫወቻዎች ለሞቱ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆኑ። እርግጥ ነው፥ ገንዘቡን የተመኙም ነበሩ ይባላል። ነገር ግን ገንዘብ የተመኘ ሰው ሁልጊዜ ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በመስተዋቱ ውስጥ ተገኘለት።

ስሙን ያነሣነው ጄምስ ብሩስ የስኮትላንድ ሰው ነበር። በምጽዋ በኩል ገብቶ በየካቲት ወር 1762 ዓ.ም. ጐንደር ደረሰ። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር፥ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በቁስቋም የታመሙትን ልጆች አክሞ ታላቅ ሞገስ አገኘ። እርሱም ቢሆን ከጠብ አላመለጠም። በመጽሐፉ እንደ ተረከው፥ በአንድ ግብዣ ላይ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ የሆነ ገብረ መስቀል የተባለ ሰው ስለ ተኩስ ችሎታው ሲፎክር ብሩስ ሰማ። ብሩስም አንተ በብረት ጥይት ከምታደርገው እኔ በሻማ ቁራጭ የማደርገው ይበልጣል አለው። ገብረ መስቀል ይህን እንደ ስድብ ቈጠረው፤ ተያያዙ፤ ደምም ፈሰሰ። በኋላ ግን ብሩስ በንጉሡ ፊት ጠመንጃውን በሻማ ጐርሶ ቢተኵስ ሻማው ሦስት ጋሻ በስቶ ወጣ። እንግዲህ የተናገረው ፉከራ ሳይሆን እውነት ነበር ማለት ነው። እኛ ግን እዚህ ላይ ገብረ መስቀልን ብቻ አንወቅስም። በሰው አገር፥ በሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ምን አስፈለገ?

በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ብሩስ ከጐንደር ተነሥቶ በምዕራቡ ቆላ በኩል ወደ ስናር ወረደ፤ ይህ ቆላ ለእኛ አርማጭሆዎች ጎረቤት ነው። በስናር ለወራት ታግቶ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሸለመውን የወርቅ ሐብል ቈራርጦ እየሸጠ ኖረ። ከዚያም በረሃውን ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁ፤ እግሩ ቈሰለ፤ ጽሑፎቹንና መሣሪያዎቹን አሸዋ ላይ ጥሎ ወደ አስዋን ከገባ በኋላ ተመልሶ አስመጣቸው። አገሩ ሲገባ ግን የተናገረውን ብዙዎች አላመኑትም። ያ ሁሉ በረሃ ያልገደለው ሰው በ1794 በፈረንጆች አቆጣጠር አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲቸኵል ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ይህን ስናነብ መሣቅ ወይም ማዘን እንዳለብን አላወቅንም።

ስለ አፄ ቴዎድሮስም አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ የጐንደር ልጆች አይደለንም። ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካሜሮን እጅ ላኩ። መልስ ሳይመጣ ዓመት አለፈ። ካሜሮንም በመካከሉ ወደ ከሰላ ሄዶ ሲመለስ፥ ንጉሡ ከጠላቶቼ ከቱርኮች ጋር ተማክሮ መጣ ብለው ጠረጠሩት፤ በ1856 ዓ.ም. አሰሩት። ደብዳቤው ግን በንግሥቲቱ ተነብቦ የተናቀ አልነበረም፤ በሎንዶን መሥሪያ ቤት ከወረቀት ጋር ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ያዩት ንቀት አልነበረም፥ ቸልተኝነት እንጂ ይላሉ። እኛ በክፍል ውስጥ ስንከራከር ግን አንዳችን ተነሥቶ «የንጉሥ ደብዳቤ ረስቶ መተው ራሱ ንቀት አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም። የሆነው ሆኖ፥ ከዚያ ዝምታ ተነሥቶ ነገሩ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አለቀ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እስካሁን የነገርናችሁን ታሪክ ሁሉ አንብበን፥ በዱ ሩል ዘመን ሰዎች ተገርመን፥ እኛ ብንሆን ኖሮ እንዲህ አናደርግም ነበር ብለን የተናገርን ልጆች ያደረግነውን ስሙ።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር አራት ሆነን ለጥምቀት ወደ ጐንደር ወጣን። በፋሲል መዋኛ በዓሉን ካየን በኋላ የአንዳችን አጎት፥ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፥ ለጉዳያቸው ወደ መተማ ሲሄዱ ይዘውን እንዲሄዱ ለመንናቸው። እርሳቸውም እሺ አሉ። በአዘዞና በአይከል በኩል፥ ገንዳ ውኃን አልፈን መተማ ዮሐንስ ገባን። ሙቀቱ ለሳንጃ ልጅ አዲስ አይደለም። አዲስ የነበረው፥ ከአንድ አነስተኛ ድልድይ ማዶ ያለው ከተማ ገላባት መባሉና ሱዳን መሆኑ ነው። ውጭ አገር ማለት ለእኛ አውሮፕላን፥ ባሕር፥ በረዶ ነበር። ይህኛው ግን ዶሮ ሳይቀር ተሻግሮ የሚመለስበት ውጭ አገር ነው። አጎታችን ከሚያውቋቸው ሰዎች ጋር ተነጋግረው፥ በማግስቱ ለግማሽ ቀን ከእርሳቸው ጋር እንድንሻገር ተፈቀደልን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። መተማ አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ቦታ ነው። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል፤ በጨለማ ውስጥ ተኝተን ስለ ነገው ስናስብ በዐይናችን ፊት የነበረው የሻይ ቤትና የሱቅ ከተማ ሳይሆን ያ ጦርነት ነበር። ስለዚህ ምክር አደረግን። ማንም ብቻውን እንዳይሄድ፥ ያልታወቀ ሰው የሰጠውን እንዳይበላ፥ ሻንጣውን ሁልጊዜ እንዲጠብቅ ተማማልን። ከእኛ አንዱ ገንዘቡን በጫማው ውስጥ ስላስቀመጠ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ሲያነክስ ዋለ፤ ያየው ሰው ሁሉ ምን ሆንህ እያለ ስለሚጠይቀው፥ ገንዘብ እንዳለው ያወቁበት እየመሰለው ይበልጥ ይፈራ ነበር።

ጧት ተሻገርን። አጎታችን ወደ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሲገቡ እኛን በአንድ ዳስ ሻይ ቤት አስቀመጡንና ከዚህ እንዳትንቀሳቀሱ አሉን። ሻይ የሚቀዱት ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፥ ትልቅ ጥምጥም ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በመካከላችን ስንነጋገር «እርሱ» ነበር የምንላቸው፤ «እርሳቸው» ያልናቸው በኋላ ነው። አራት ብርጭቆ ሻይ አመጡልን። ደጋግመው አንድ ነገር ቢጠይቁን ስላልገባን ዝም አልን። እርሳቸውም ከጎናቸው ለተቀመጠው ሰው አንድ ነገር ነገሩትና ሁለቱም ወደ እኛ አይተው ሣቁ። ምን እንደ ተባባሉ እስከ ዛሬ አናውቅም። ምናልባት የአንዱ ጓደኛችንን ማነከስ አይተው ይሆናል፤ ምናልባትም እንደ እኛ ያሉ ልጆች አሏቸው ይሆናል። በዚያች ሰዓት ግን ለእኛ የታየን አንድ ትርጓሜ ብቻ ነበር፤ ስለ ሻንጣችን እየተማከሩ ነው አልን።

ከመካከላችን አንዱ በዐይኑ ጠቀሰን። ሁላችንም ባንድነት ተነሥተን የሻዩን ዋጋ እንኳ ሳንከፍል፥ የአጎታችንን ትእዛዝ ረስተን፥ ወደ ድልድዩ መራመድ ጀመርን። ጥቂት እንደ ሄድን ከበስተኋላችን ጩኸት ሰማን። ዘወር ብንል ሽማግሌው ጀለቢያቸውን ሰብስበው እየሮጡ ይከተሉናል። «ያ አውላድ! ያ አውላድ!» ይላሉ፤ ይህ አልገባንም። ቀጥለው ግን አንድ ቃል ጮኹ፤ ይህች ገባችን። «ሻንጣ! ሻንጣ!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቆማል? ሻንጣችንን አምጡ የሚል ወንበዴ መጣብን ብለን ሮጥን። ድልድዩን ስንሻገር «ሌባ! ሌባ!» ብለን ጮኽን። በወዲህኛው ዳር ጭነት የሚያወርዱ ጐልማሶች ነበሩ፤ ጩኸታችንን ሰምተው መጡ። ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሯቸው ሲደርሱ አንደኛው ጐልማሳ ደረታቸውን ገፋ አደረጋቸው። ወደ ኋላ ተንገዳገዱ፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ወድቆ አቧራው ላይ ተዘረጋ። ራሳቸው ሽበት ብቻ ነበር። በቀኝ እጃቸው ከፍ አድርገው የያዙትንም ያየነው በዚያን ጊዜ ነው። ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሻንጣ ነው፤ በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የጓደኛችን ስምና «ሳንጃ» የሚል ቃል ተጽፎበታል።

በድንጋጤያችን የራሳችንን ቈጠርን። ሦስት ነበሩ። አራተኛው ከሻይ ቤቱ አግዳሚ ሥር ቀርቶ ነበር። የመመለሻችን ገንዘብ፥ 1,200 ብር፥ እና የሁላችንም የተማሪነት መታወቂያ በእርሱ ውስጥ ነበር።

ሽማግሌው ሻንጣውን በእርጋታ ከእግራችን ሥር አኖሩት። ጐንበስ ብለው ጥምጥማቸውን አነሡ፤ ሁለት ጊዜ አራገፉት፤ ነገር ግን አቧራማ ስለ ሆነ አልጠመጠሙትም፤ በትከሻቸው ላይ ጣሉት። አንድ ቃል ሳይናገሩ፥ የሻዩንም ዋጋ ሳይጠይቁ፥ በመጡበት ድልድይ ተመለሱ። የገፋቸው ጐልማሳ ወደ እኛ ዞሮ «እናንተ ናችሁ ያስገፋችሁኝ» አለንና ምራቁን ተፍቶ ሄደ።

አጎታችን ሲመጡ ነገሩን ሰምተው ብዙ አልተቈጡም፤ ቢቈጡ በተሻለን ነበር። «ሻንጣ ማለት በእነርሱም ቋንቋ ሻንጣ ነው፤ ቃሉንም ያገኘነው ከእነርሱ ነው» አሉ ብቻ። ይህን እኛም እናውቅ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የአማርኛ መምህራችን ከዐረብ ቋንቋ የተወረሱ ቃላት ጻፉ ብለውን፥ «ሱቅ፥ ሻንጣ» ብለን ጽፈን ሙሉ ማርክ አግኝተንበታል። ማርኩን ያገኘንበት ቃል ነው ከድልድዩ ማዶ ያስሮጠን።

ያን ቀን ማታ «ሌባ» ብሎ የጀመረው ማን እንደ ሆነ ተጨቃጨቅን። ሁሉም እኔ አይደለሁም አለ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ስለዚህ «ጮኽን» እንላለን። ጧት ተሻግረን ይቅርታ እንጠይቃቸው ብለን ተስማምተን ተኛን። ሲነጋ ግን ወደ ገንዳ ውኃ የሚመለስ የጭነት መኪና ተገኘ፤ አጎታችንም ቶሎ በሉ አሉ፤ እኛም፥ እውነቱን ለመናገር፥ የሽማግሌውን ፊት ማየት ስለ ፈራን፥ በሚቀጥለው ጊዜ ይደርሳል አልን። እንደ ሰበብ የያዝነው የጭነት መኪናውን ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን በካርቱም ጦርነት ተጀመረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያች እኛ በሮጥንባት ድልድይ ላይ ብዙ ሕዝብ ወደ መተማ ይሻገር ጀመር። አጎታችን በዐይናቸው አይተዋል። ሻንጣ የያዘ አለ፤ ልጅ ብቻ የታቀፈ አለ፤ ምንጣፍ በራሱ የተሸከመ አለ፤ ሱዳናዊ አለ፥ በዚያ ይኖር የነበረ የእኛም አገር ሰው አለ፥ ከሌላም አገር የመጣ አለ። «በዚያን ቀን ሌባ ብሎ የጮኸ አልነበረም፤ ውኃ የሚያቀብል ነበር እንጂ» ብለው ነገሩን። ያችን ሻይ ቤት ጠይቁልን ብለናቸው ነበር። ጠየቁልን፤ ዳሱ ፈርሶ አግዳሚዎቹ ብቻ ቀርተዋል፤ ሽማግሌው ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ አልተገኘም አሉን።

የአራት ብርጭቆ ሻይ ዋጋ አዋጥተን ለአጎታችን ሰጥተናቸዋል። በአንድ ፖስታ ውስጥ አድርገው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘውታል፤ ወደ መተማ በሄዱ ቍጥር ይዘውት ሄደው ይዘውት ይመለሳሉ። ከእናንተ ከወላጆቻችን መካከል በዚያ በኩል የምትነግዱና ሹፌር የሆናችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ሰውየው ረጅም ናቸው፤ ጠይም ናቸው፤ ሲሥቁ ከላይኛው ጥርሳቸው አንዱ የወለቀ መሆኑ ይታያል፤ ከድልድዩ ማዶ በስተግራ በኩል ሻይ ይሸጡ ነበር። ያያቸው ወይም ስለ እርሳቸው የሰማ ቢኖር፥ ከበዓሉ በኋላ በ12ኛ ክፍል በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን።